የቀን ፀሐይ ለሌሊት ብርድ፦ ሙቀት የሚይዝ የግንባታ ቁስ አመራረጥ

በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በደባርቅ ወይም በጎባ የሚኖር ሰው የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ጠንቅቆ ያውቀዋል። እኩለ ቀን ላይ ደጅ የተቀመጠ ሰው ጥላ ፍለጋ ይነሣል፤ ጎሕ ሲቀድ ግን ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው። የበጋ ሰማይ ደመና ስለሌለው ቀን ፀሐይን ያለ ከልካይ ያወርዳል፤ ሌሊት ደግሞ ምድር የያዘችው ሙቀት ያለ ከልካይ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ሌሊቱ እጅግ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ቀኑ ፀሐይ ይሞላዋል። የደጋ ሰው የሚያስፈልገው የቀኑን ሙቀት ተቀብሎ ለሌሊት የሚያቆይ ቤት ነው።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብርድ ሲጠና ብዙ ቤተሰብ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባል። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን በተኛበት ይገድላል። በፀሐይ የሚሞቅ ክፍል ግን ጭስም፣ አደጋም፣ የከሰል ወጪም የለበትም።

ሙቀት የሚይዝ ቁስ ማለት ፀሐይ ሲያገኘው ቀስ ብሎ የሚሞቅ፣ ፀሐይ ስትሄድም ቀስ ብሎ ሙቀቱን የሚለቅ ከባድ ነገር ነው። የሸክላ ምጣድ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ትኩስ ሆኖ የሚቆየው በዚሁ ባሕርይ ነው። ነገር ግን ቁሱ በራሱ ሙቀት አይፈጥርም፤ የሚሰጠው የተቀበለውን ብቻ ነው። ፀሐይ የማያገኘው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ በአካባቢው አማካይ ሙቀት ላይ ይረጋል። ይህ አማካይ በደጋ ከተሞቻችን ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በዚህ መጠን የረጋ ግድግዳ ከሰው ገላ ሙቀት ይስባል። “ድንጋይ ቤት ይበርዳል” የሚባለውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ የቁስ ምርጫ የሚጀምረው ከፀሐይዋ ነው።

ደረጃ 1፦ ፀሐይ የምትገባበትን ቦታ ይለኩ

በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ቁጥራቸው ለእኛ እንዳለ አይሠራም። ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ እኩለ ቀን ላይ ማድሪድ ከተማ ውስጥ ፀሐይ ከአድማስ 26 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል በደቡብ መስኮት በኩል ክፍሉ ውስጥ ርቃ ትዘልቃለች። በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ ወደ 57 ዲግሪ፣ ደባርቅ ላይ ደግሞ ወደ 53 ዲግሪ ትደርሳለች። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል።

አንደኛው ስለ ጣሪያ ጠርዝ ነው። በአዲስ አበባ አካባቢ በደቡብ በኩል 60 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ የወጣ የጣሪያ ጠርዝ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ከሥሩ 95 ሳንቲሜትር የሚያህል ግድግዳ ያጠላል። መስኮቱ ከጠርዙ ብዙም ሳይርቅ ከተሠራ፣ ፀሐይ በጣም በምትፈለግበት ሰዓት ግማሹ መስኮት ጥላ ውስጥ ይውላል። ጠርዙን ማሳጠር ግድግዳውን ለክረምት ዝናብ ስለሚያጋልጥ፣ አዲስ የሚሠሩ ከሆነ መስኮቱን ከጠርዙ ዝቅ አድርገው ያስገቡ።

ሁለተኛው ክፍሉ ውስጥ ስለሚያርፈው ብርሃን ነው። የመስኮቱ ራስ ከወለል 2 ሜትር ከፍ ቢል፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከመስኮቱ ወደ ውስጥ 1 ሜትር ከ30 ብቻ ትገባለች። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ግን ፀሐይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከ35 ዲግሪ ገደማ ስለምትመጣ፣ ወደዚያ አቅጣጫ የዞረ መስኮት ብርሃኑን 3 ሜትር ያህል ያስገባል። ስለዚህ በእኛ አገር ከደቡብ መስኮት ሌላ ደቡብ ምሥራቅና ደቡብ ምዕራብም ጥሩ ጠቀሜታ አላቸው። ማታ ለሚቀመጡበት ክፍል የደቡብ ምዕራቡ ይመረጣል፤ ሙቀቱን ለምሽቱ ቅርብ በሆነ ሰዓት ስለሚያስገባ።

ሥራው ቀላል ነው። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ አንድ ጥርት ያለ ቀን ይምረጡ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 6 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ወለሉና ግድግዳው ላይ ያረፈውን የፀሐይ ብርሃን ዳር ዳሩን በጠመኔ ያስምሩ። ሙቀት የሚይዘው ቁስ መቀመጥ ያለበት በዚህ መስመር ውስጥ ነው።

ደረጃ 2፦ ሙቀት የሚያመልጥበትን በር ይዝጉ

ቁስ ከመግዛትዎ በፊት ቤቱ ሙቀቱን ማቆየት መቻሉን ያረጋግጡ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን የተከማቸውን በምሽት ይጨርሰዋል። በመጀመሪያ ኮርኒስ ያስገቡ፤ በላዩም ሙቀት የሚከላከል ደረቅ ሽፋን ያንጥፉ። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ የሚያስገባውን ክፍተት፣ የበሩን ሥርና የመስኮቱን ዳር ይድፈኑ። ነጠላ መስታወት ቀን ሙቀት ቢያስገባም ሌሊት ያስወጣል፤ ስለዚህ ወፍራም መጋረጃ ወይም ከእንጨት የተሠራ መዝጊያ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ቁሶችን መለየት ይገባል። ቀላልና በውስጡ ብዙ አየር ያለበት ነገር፣ እንደ ጭድ፣ ሣር፣ ፑሚስና ፎም ያለው፣ ሙቀት እንዳያልፍ ይከላከላል እንጂ አያከማችም። ከባድና ጥቅጥቅ ያለው፣ እንደ ድንጋይ፣ ኮንክሪትና አፈር ያለው፣ ያከማቻል እንጂ አይከላከልም። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ ጥሩ ቤት ሁለቱንም ይፈልጋል።

ደረጃ 3፦ ቁሶቹን ያወዳድሩ

ማወዳደሪያው አንድ ሜትር ኩብ ቁስ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር የሚይዘው የሙቀት መጠን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በኪሎጁል የተሰጡና እንደ ቁሱ ጥራት ትንሽ ከፍ ዝቅ የሚሉ ናቸው።

ውኃ፦ ወደ 4,180። በመያዝ አቅሙ የሚስተካከለው የለም፤ ከኮንክሪት እጥፍ ያህል ይይዛል። በውስጡ እየተዘዋወረ ስለሚሞቅ ሙቀቱን ፈጥኖ ይቀበላል። ችግሩ መያዣ መፈለጉና ማፍሰስ መቻሉ ነው።

ጥቁር ድንጋይ፦ ከ2,300 እስከ 2,500። ባዛልት በደጋችን በብዛት የሚገኝ፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለና ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። ለወለልና ለውስጥ ግድግዳ እጅግ ተስማሚ ነው። ስንጥቁና ክፍተቱ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ካልተሞላ ግን ሙቀቱ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ በደንብ አይተላለፍም።

ኮንክሪት፦ ከ2,000 እስከ 2,200። በወለል መልክ በብዙ ቤት አስቀድሞ ስላለ ተጨማሪ ወጪ ላያስፈልገው ይችላል።

የተጠቀጠቀ አፈርና ያልተተኮሰ የጭቃ ጡብ፦ ከ1,400 እስከ 1,700። ከድንጋይ ያነሰ ቢይዝም ከደጅ ይገኛል፣ ማገዶም ሲሚንቶም ብዙ አይፈልግም፣ የክፍሉን እርጥበትም ያመጣጥናል። ጭድ ሲበዛበት እየቀለለ ስለሚሄድ ለዚህ ሥራ የሚውለውን ጭቃ ጭዱን ቀነስ ያድርጉለት።

የሸክላ ጡብ፦ ከ1,400 እስከ 1,500። ከአፈሩ ብዙ የማይለይ ሆኖ ውኃን ይበልጥ ይቋቋማል።

እንጨት፦ ከ1,000 ብዙም አይርቅም። ሙቀትም ቶሎ አያስገባም፤ ስለዚህ ወለሉ በጣውላ ከተለበጠ ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ከፀሐይዋ ይጋረዳል።

ብሎኬትን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ውስጡ ባዶ ስለሆነ የሚይዘው ከተመሳሳይ ውፍረት ኮንክሪት እጅግ ያነሰ ነው፤ ከፑሚስ ወይም ከቀይ ገሞራ ጠጠር የተሠራው ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው። ይህ ጉድለት ሳይሆን የሥራ ክፍፍል ነው፦ ቀላሉ ብሎኬት ለውጭ ግድግዳ ይሻላል። ፀሐይ የሚያገኘውን የውስጥ ግድግዳ በብሎኬት የሚሠሩ ከሆነ ግን ቀዳዳውን በደረቅ አሸዋ ወይም በኮንክሪት ይሙሉት።

ከእነዚህ መካከል ሲመርጡ ትልቁን ቁጥር ብቻ አይከተሉ። በድንጋይና በአፈር መካከል ያለው ልዩነት ስፋቱን በመጨመር ይካካሳል። ፀሐይ ባለበትና ፀሐይ በሌለበት ቦታ መካከል ያለውን ልዩነት ግን ምንም ዓይነት ቁስ አያካክሰውም። ስለዚህ በአቅራቢያዎ የሚገኘውን፣ ግንበኛዎ የሚያውቀውንና ጠመኔው ባሰመረው ቦታ ሊቀመጥ የሚችለውን ይምረጡ።

ደረጃ 4፦ መጠኑን ያስሉ

ሒሳቡ በምሳሌ ይታያል። በፀሐይ አቅጣጫ ያለው መስታወት 3 ካሬ ሜትር ነው እንበል። በጥርት ያለ የበጋ ቀን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በኩል 2 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይገባል ብለን ብንነሣ፣ በድምሩ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም 21,600 ኪሎጁል ነው። ቁሱ በቀን ከ5 ዲግሪ በላይ እንዳይግልና ክፍሉ እንዳያስጨንቅ ከፈለግን፦

በኮንክሪት፦ አንድ ሜትር ኩብ በ5 ዲግሪ 10,000 ኪሎጁል ስለሚይዝ 2.16 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ይህ በ10 ሳንቲሜትር ውፍረት ሲዘረጋ 21.6 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ የመስታወቱን ስፋት ሰባት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው።

በአፈር፦ 1,500 ኪሎጁልን ብንወስድ ወደ 2.9 ሜትር ኩብ፣ በ10 ሳንቲሜትር ውፍረት 29 ካሬ ሜትር ገደማ።

በውኃ፦ ወደ 1,030 ሊትር፤ ባለ 200 ሊትር አምስት በርሜል መሆኑ ነው።

ለትንሽ ክፍል ይህ ብዙ ከመሰለዎት ወለሉና አንድ የውስጥ ግድግዳ ተደምረው ይሞሉታል። ካልሞላ መስታወቱን አያስፋፉ። ቁስ ሳይኖር መስታወት ማብዛት ቀን ላይ የሚያፍን፣ ሌሊት የሚያንቀጠቅጥ ክፍል ነው የሚያተርፈው።

ደረጃ 5፦ ውፍረቱንና ቦታውን ይወስኑ

ቀን ገብቶ ሌሊት የሚወጣ ሙቀት ቁሱ ውስጥ ጠልቆ አይሄድም። በኮንክሪትና በድንጋይ 14 ሳንቲሜትር ገደማ፣ በአፈርና በጡብ ደግሞ 11 ሳንቲሜትር ገደማ ነው የሚጠቅመው። ከዚያ በላይ ያለው ውፍረት ለዕለቱ ሙቀት የሚጨምረው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ 50 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው አንድ ግድግዳ ከመገንባት ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር የሆነውን በሰፊው መዘርጋት ይሻላል።

ስለ ቦታው፣ ከአገራችን ቤት አሠራር የምንወስደው ጥሩ ነገር አለ፤ እሱም መደብ ነው። የመስኮቱን ሥር ተከትሎ፣ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ የሚወጣ፣ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ መደብ የእኩለ ቀኗ ፀሐይ በምታርፍበት ቦታ ላይ በትክክል ይውላል። ማታ ደግሞ ሰው የሚቀመጥበት እሱው ላይ ነው። መደቡን ከውጭ ግድግዳው የሚለይ ፎም ወይም ሌላ ሙቀት ከልካይ በመካከል ያስገቡ፤ አለበለዚያ ያከማቸውን ወደ ደጅ ይለቀዋል። መደቡን ሲሠሩ ብርሃኑ ከመስኮቱ ግርጌ ጀምሮ እንዲያርፍበት የመስኮቱን ደፍ ዝቅ ያድርጉ።

ወለል ሁለተኛው ነው። ከኮንክሪቱ ሥር ፑሚስ ወይም ቀይ ገሞራ ጠጠር በደንብ ቢደለደልና በላዩ የእርጥበት መከላከያ ፕላስቲክ ቢነጠፍ ሙቀቱ ወደ መሬት አይሰርግም። በተለይ የወለሉ ዳር ዳር ከውጭ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ብዙ ሙቀት ስለሚጠፋ እዚያ ይጠንቀቁ።

ሦስተኛው የውስጥ ግድግዳ ነው። ሁለት ፊቱ ክፍል ውስጥ ስለሆነ የሚለቀው ሙቀት ሁሉ ለቤተሰቡ ይሆናል። የውጭ ግድግዳ ግን ከባድ ቁስ ካለው ድንጋዩ ወደ ውስጥ፣ ሙቀት ከልካዩ ወደ ውጭ ይሁን። ብዙዎች ይህን ገልብጠው ከልካዩን በውስጥ በኩል ይለጥፉታል፤ ያኔ ድንጋዩ ከክፍሉ ተለይቶ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

ከመስታወት በስተጀርባ ጠቆር ያለ ግድግዳ አቁሞ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ እንዲሻገር ማድረግም አለ። ፌሊክስ ትሮምብና ዣክ ሚሼል በ1967 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፈረንሳይ ፒሬኔ ተራሮች፣ ኦዴዮ በተባለ ቦታ እንዲህ ያለ ቤት ሠርተዋል፤ ዘዴውም በትሮምብ ስም ይጠራል። በዚህ ዘዴ ውፍረት የሚመረጠው በሰዓት ነው። በድንጋይና በኮንክሪት 30 ሳንቲሜትር ለማለፍ ሙቀቱ 8 ሰዓት ያህል፣ በአፈር 10 ሰዓት ያህል ይወስድበታል፤ የቀትሩ ሙቀት ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ክፍሉ ይደርሳል ማለት ነው። ለእኛ ግን የእኩለ ቀኗ ፀሐይ ከፍ ስለምትል ቀጥ ያለ የደቡብ መስታወት ላይ ተንሸራታ ታልፋለች። ስለዚህ ለመጀመሪያ ቤት ከዚህ ይልቅ መደብና ወለል ይቅደም።

ደረጃ 6፦ ፊቱን ያዘጋጁ

ፀሐይ የምታርፍበት ገጽ ጠቆር ይበል። የግድ ጥቁር መሆን አያስፈልገውም፤ ቡናማ፣ ጥቁር ቀይ ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ በቂ ነው። ሙቀት የማይይዙትን፣ ማለትም ኮርኒሱንና ቀላል ግድግዳዎችን ነጭ ይቀቡ፤ ብርሃኑን ወደ ከባዱ ቁስ ይመልሱታል። በእበት የተለቀለቀ የጭቃ ወለል እንዳለ ጥሩ ነው። ሴራሚክ ከሥሩ አየር ሳይቀር በደንብ ከተጣበቀ ይሠራል።

ምንጣፍና ፍራሽ ሙቀቱን ያግዳሉ። መደብ ላይ ፍራሽ የሚዘረጉ ከሆነ ጠዋት ያንሡት፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ይመልሱት። ፀሐይ የሚያገኘው ወለል ላይ በበጋ ምንጣፍ አይኑር።

ደረጃ 7፦ ክብደትና እርጥበትን ይመርምሩ

10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት በካሬ ሜትር ከ230 ኪሎግራም በላይ ይመዝናል። አንድ የተሞላ በርሜልም ከ200 ኪሎግራም ይበልጣል። ከምድር ቤት በላይ ያለ ፎቅ ላይ እንዲህ ያለ ክብደት ከመጨመርዎ በፊት መሐንዲስ ያማክሩ፤ ይህ የሚታለፍ ምክር አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ዳርና በአቅራቢያው የምትኖሩ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና ፈንታሌ አካባቢ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ መሰማቱን ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ባለ አገር ከባዱ ቁስ ወለልና መደብ ሆኖ ዝቅ ቢል ሳይታሰር ከቆመ ረጅም የድንጋይ ግድግዳ የበለጠ ደኅንነት አለው።

የአፈር ሥራ ከርጥብ መሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ መሠረት ላይ ይረፍ። የረጠበ ቁስ ከፀሐይዋ የሚያገኘውን ሙቀት ለማድረቂያ ያባክነዋል። የውኃ በርሜል ደግሞ ክዳኑ ጥብቅ፣ አካሉ ብርሃን የማያስገባ፣ አቀማመጡ የማይንከባለል ይሁን፤ ሕፃናት ሊከፍቱት አይቻላቸው።

ደረጃ 8፦ በየዕለቱ ይቆጣጠሩ

ጠዋት ፀሐይዋ መስታወቱን ስትነካ መጋረጃውን ሙሉ ለሙሉ ይክፈቱ። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ብርሃኑ ከክፍሉ ሲወጣ፣ መስኮቱን ዘግተው መጋረጃውን ወይም መዝጊያውን ይሳቡ። አየር መለወጥ ሲያስፈልግ እኩለ ቀን ላይ ለአጭር ጊዜ ይክፈቱ። በክረምት ደመናው ስለሚበረታ ከዚህ ዘዴ ብዙ አይጠብቁ።

ከዚያም በአንድ ቴርሞሜትር የክፍሉን ሙቀት ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ምሽት ላይና ከሌሊቱ 12 ሰዓት ላይ ለጥቂት ቀናት ይመዝግቡ። ንባቡ ጉድለቱን ይነግርዎታል፦

ቀን በጣም የሚሞቅና ማታ ቶሎ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ፀሐይ የሚያገኘው ከባድ ቁስ አንሷል፤ ወይም ምንጣፍ ሸፍኖታል።

ቀኑም ምሽቱም ደህና ሆኖ ንጋቱ ብርድ ከሆነ ቁሱ በቂ ነው፤ ሙቀቱ በጣሪያ ወይም በመስኮት እያመለጠ ነው።

ቀንም ሌሊትም ሳይሞቅ አንድ ዓይነት የሚውል ከሆነ ቁሱ ብዙ፣ ፀሐይዋ ግን ጥቂት ናት፤ ጥላ የሚጥለውን ነገር ይፈልጉ።

ከየት ይጀምሩ?

አዲስ ቤት የሚሠሩ ከሆነ፦ ሳሎኑን ወደ ደቡብ ወይም ደቡብ ምዕራብ ያዙሩ፣ መስኮቱን ከጣሪያው ጠርዝ ዝቅ ያድርጉ፣ ወለሉን ከሥሩ በሚገባ ከልለው ጠቆር ያለ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ያድርጉ፣ መደቡን ከመጀመሪያው ፕላን ላይ ያስገቡ።

ባለ ብሎኬት ቤት ካለዎት፦ ኮርኒሱንና ክፍተቱን ያስቀድሙ፤ ከዚያ ምንጣፉን ያንሡና የኮንክሪቱን ወለል ጠቆር ያድርጉ፤ በመጨረሻ መደብ ወይም በአሸዋ የተሞላ የውስጥ ግድግዳ ይጨምሩ።

ተከራይ ከሆኑ፦ ግድግዳ መንካት ሳያስፈልግ ወፍራም መጋረጃ ይስቀሉ፣ የበሩን ሥር ይድፈኑ፣ ጠቆር ያሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ውኃ ሞልተው ፀሐይ በምታርፍበት ወለል ላይ ይደርድሩ። 15 ጀሪካን 300 ሊትር ይይዛል፤ ይህም በ5 ዲግሪ ሲሞቅ 1.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያቆያል። ቤት ሲለቁም ጀሪካኖቹን ይዘው ይሄዳሉ።

የትኛውንም ቢመርጡ ገንዘብዎን በዚህ ቅደም ተከተል ያውጡ፦ መጀመሪያ ጣሪያና ክፍተት፣ ቀጥሎ የፀሐይዋ መግቢያ፣ ከዚያ ከባዱ ቁስ። ይህ ከተጠበቀ ከደጅ የተቆፈረ አፈር የሚበቃ ሥራ ይሠራል፤ ካልተጠበቀ ግን ውድ እብነ በረድም ክፍሉን አያሞቀውም።